አንድ ገንዘብ ከመመኘትህ በፊት

ልጄ፣ ባለፈው እዚህ ዶሃ ሱቅ ዋቂፍ አጠገብ ካለው ኤክስቼንጅ ስንወጣ ያነሳኸው ጥያቄ ሳይመለስ ቀረ። «ጋሼ፣ የባህረ ሰላጤው አገሮች ቋንቋቸው አንድ፣ ሃይማኖታቸው አንድ፣ መተዳደሪያቸውም ነዳጅ፤ ለምን ገንዘባቸውን አንድ አያደርጉም? እኛስ ከኤርትራ፣ ከጅቡቲ፣ ከሶማሊያ ጋር በአንድ ገንዘብ ብንገበያይ ጠባችን አይበርድም ነበር?» ነበር ያልከኝ። ይህን ነገር መንግሥታትም ሲመኙት ኖረዋል፤ አንዳንዶቹም ሞክረውት እጃቸውን ተቃጥለዋል። መንገድ ላይ ቆሜ በሁለት ቃል ልመልስልህ አልሆነልኝምና ተቀምጬ ጻፍኩልህ።

አቋሜን አልደብቅህም። ጎረቤታሞች ወደ አንድ ገንዘብ መቸኮል የለባቸውም ባይ ነኝ፣ እኛ ደግሞ ከሁሉ በላይ። ይህን የምለው ጎረቤት ጠልቼ አይደለም። ወጣትነቴን ያሳለፍኩት አሰብ ወደብ ላይ በትራንዚተርነት ነው፤ የኤርትራ ሰው ወንድሜ ነበር፣ ዛሬም ወንድሜ ነው። ወንድማማች እንዳይጣላ ስለምፈልግ ነው የምጽፍልህ። ቀኖቹንና ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የእኛን ስጠቅስ ዓ.ም. እልሃለሁ።

1. መጀመሪያ በኪስህ ያለውን ሪያል ታሪክ እወቅ።

ባህረ ሰላጤው አንድ ገንዘብ ኖሮት አያውቅም ብለህ ከሆነ ተሳስተሃል። እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ድረስ ዶሃ ላይ ሩዙም፣ ጨርቁም፣ ዓሣውም የሚሸጠው በሩፒ ነበር። ከኩዌት ጀምረህ በባህሬንና በኳታር አልፈህ እስከ ዱባይና ማስካት ድረስ ዳርቻው ሁሉ በአንድ ገንዘብ ይገበያይ ነበር። ከባሕሩ የወጣው ዕንቁ ቦምቤይ ይሸጣል፣ የሚበላውና የሚለበሰው ከቦምቤይ ይመጣል፤ በላዩ ላይ የእንግሊዝ ጥላ አለ። ስለዚህ የህንድ ገንዘብ እዚህ መግዛቱ ማንንም አይደንቅም ነበር።

ከዚያ የወርቅ ነገር መጣ። ህንድ ወርቅ ወደ አገሯ እንዳይገባ ስትከለክል ነጋዴዎች ከባህረ ሰላጤው በጀልባ እያሾለኩ ማስገባት ጀመሩ። የተሸጠበትን ሩፒ ይዘው ይወጣሉ፤ ያ ሩፒ በባንክ በኩል ተመልሶ ሲቀርብ ህንድ በስተርሊንግ ለመክፈል ትገደዳለች። የውጭ ምንዛሪዋ እየተራቆተ ሲያስቸግራት በ1959 ለባህረ ሰላጤው ብቻ የሚያገለግል ልዩ ሩፒ አሳተመች፤ አገር ውስጥ ከሚሠራበት እንዲለይ ቀለሙ የተለየ ነበር። ኩዌት ግን ብዙም ሳትቆይ በ1961 የራሷን ዲናር አወጣች፣ ባህሬን በ1965 ተከተለቻት።

ኳታር በሩፒው ላይ እንዳለች ሰኔ 6 ቀን 1966 ደረሰ። በዚያ ቀን የህንድ መንግሥት ሩፒውን አረከሰ፤ አንድ ዶላር ከ4.76 ሩፒ ወደ 7.50 ዘለለ። ሩፒው በውጭ ገንዘብ ሲለካ ከዋጋው ሲሶ በላይ ጠፋ ማለት ነው። ህንድ ከፓኪስታን ጋር ተዋግታ ወጥታለች፣ ድርቅ መቷታል፣ ዕርዳታ ሰጪዎቿ ገንዘብሽን አርክሺ ብለው ይዘዋታል። ውሳኔው ለህንድ ችግር የተወሰነ የህንድ ውሳኔ ነው። ዶሃ ላይ ድርቅ አልነበረም፣ ጦርነትም አልነበረም፣ ድምፅም አልነበራትም። ገንዘቡ ግን የእሷም ገንዘብ ነበር።

ስለ አንድ ገንዘብ ሰው ሲያወራህ ኖቱ ላይ የማን ሥዕል ይሁን የሚለውን ትተህ፣ ክፉ ቀን ሲመጣ የሚወስነው ማን ነው፣ ለማን ችግርስ ብሎ ነው የሚወስነው ብለህ ጠይቀው።

2. ሁለት ጎረቤቶችም በፍቅር ተለያይተው ያውቃሉ፤ መለያየት ሁሉ ውድቀት አይምሰልህ።

ኳታር ሩፒውን ስትተው ለአጭር ጊዜ የሳዑዲን ሪያል ተጠቀመች፣ ወዲያው በዚያው በ1966 ከዱባይ ጋር የጋራ ገንዘብ አወጣች። «የኳታርና ዱባይ ሪያል» ይባል ነበር፤ ከአቡ ዳቢ በቀር የዛሬዎቹ ኤምሬቶች በዚያ ይገበያዩ ነበር። አቡ ዳቢ በባህሬን ዲናር ነበረች። በ1971 ኳታር ለብቻዋ፣ ኤምሬቶቹ ተባብረው ነፃ መንግሥት ሆኑ። በ1973 ዱባይ ወደ ዲርሃም፣ ኳታር ወደ ራሷ ሪያል ሄዱ። ጥይት አልተተኮሰም። የጋራ ገንዘቡ ያገለገለው ሰባት ዓመት ያህል ነው፤ ሥራውን ሠርቶ ሄደ። አዛውንት የዶሃ ነጋዴዎች ያን ኖት በመስታወት አስገብተው ሱቃቸው ውስጥ ሰቅለውት ብታይ እንዳይገርምህ።

3. የኸሊጂን ነገር በደንብ አጥና፤ ከሁሉም የሚያስተምረው እሱ ነው።

ስድስቱ አገሮች፣ ማለትም ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ኤምሬቶች፣ ኩዌት፣ ኳታር፣ ባህሬንና ኦማን፣ የትብብር ምክር ቤታቸውን ያቋቋሙት በ1981 ነው። ገንዘብን የማቀራረብ ሐሳብ ከዚያው ዓመት የኢኮኖሚ ስምምነታቸው ጀምሮ አለ። በታኅሣሥ 2001 ማስካት ላይ ተሰብስበው ቀን ቆረጡለት፦ ጥር 1 ቀን 2010 ላይ አንድ ገንዘብ ይኖረናል አሉ። ሰዉም «ኸሊጂ» እያለ ስም አወጣለት።

አስበው እንግዲህ ምን እንደነበራቸው። ቋንቋ አንድ ነው። የአንዱ አገር ዜጋ በሌላው አገር ያለ ቪዛ ይገባል። ከኩዌት በቀር ሁሉም ገንዘባቸውን ከዶላር ጋር አስረው ነበር፤ እሷም በ2003 መጥታ ታሰረች። ካዝናቸው ሙሉ ነው። እንደ አውሮፓ ሁለት የዓለም ጦርነት አልተዋጉም። ይሳካል ከተባለ እዚህ መሳካት ነበረበት።

ከዚያ አንድ በአንድ ጎደሉ። ኦማን በ2006 መጨረሻ በተባለው ቀን አልደርስም አለች። ኩዌት በግንቦት 2007 ዶላሩ እየወረደ የዕቃ ዋጋ ሲያንርባት ገመዱን ፈትታ ዲናሯን ከብዙ አገሮች ገንዘብ ቅርጫት ጋር አያያዘች። በግንቦት 2009 ደግሞ የጋራውን ገንዘብ የሚመራው የገንዘብ ምክር ቤት መቀመጫ ሪያድ ይሁን ተብሎ ሲወሰን፣ መቀመጫውን ለራሷ ትፈልግ የነበረችው ኤምሬትስ ጥላ ወጣች። ከባህረ ሰላጤው በኢኮኖሚ ሁለተኛዋ እሷ ናት። የቀሩት አራቱ፣ ኳታርም ከነሱ ውስጥ፣ በሰኔ 2009 ሪያድ ላይ ፈረሙ፤ የገንዘብ ምክር ቤቱም በ2010 የመጀመሪያ ስብሰባውን አደረገ። ገንዘቡ ግን እስከ ዛሬ አልታተመም።

ሰዎች ይህን ሲሰሙ «በቢሮ ቦታ ተጣልተው ነው» ብለው ያቃልሉታል። እኔ አላቃልለውም። ማዕከላዊው ባንክ ያለበት ከተማ ላይ ሠራተኛው፣ ልማዱ፣ የሚሰማው ወሬ፣ የሚታየው ችግር ሁሉ የዚያ ከተማ ይሆናል። የሳዑዲ ኢኮኖሚ ከሌሎቹ አምስት ከእያንዳንዱ በእጅጉ ይበልጣል። መቀመጫውም እዚያ ከሆነ ገንዘቡ በስም የስድስት፣ በውሳኔ የአንድ እንዳይሆን ኤምሬትስ ፈራች፤ ፍርሃቷ ምክንያት ነበረው። ኳታርም ብትሆን ኑሮዋ በተፈጥሮ ጋዝ ነው፣ ሳዑዲ በድፍድፍ ነዳጅ፣ ባህሬን ደግሞ ዕዳ ከብዷት ጎረቤቶቿ በ2018 የ10 ቢሊዮን ዶላር ድጋፍ ያደረጉላት ናት። ልብ በል፣ ያ ድጋፍ የተሰጠው ያለ አንድ ገንዘብ ነው። መተጋገዝ ለፈለገ ጎረቤት የየራስ ገንዘብ አላገደውም።

4. የሪያሉ መርጋት ከየት እንደመጣ ሳታውቅ አትቅና።

«የዚህ አገር ገንዘብ አይናወጥም» ስትል እሰማሃለሁ። እውነት ነው፤ አንድ ዶላር 3.64 ሪያል ነው፣ ከ1980 ጀምሮ እንዲሁ ነው፣ በ2001 ደግሞ በአሚሩ ድንጋጌ ጸና። የሚያጸናው ግን ከሰሜን የጋዝ መስክ የሚወጣው ጋዝ ነው። የሚሸጠው በዶላር ነው፣ ማዕከላዊ ባንኩ ለጠየቀ ሁሉ ዶላር አውጥቶ መስጠት ይችላል። ያን የማይችል አገር ተመን ቢጽፍ ተመኑ ወረቀት ላይ ይቀራል፤ ጎን ለጎን ጥቁር ገበያ ይቆማል። ይህን አንተም እኔም ከአገራችን እናውቀዋለን።

መታሰሩም ዋጋ አለው። በ2007 እና በ2008 አሜሪካ ችግር ላይ ስትወድቅ ወለድ ዝቅ አደረገች። ኳታርም መከተል ነበረባት፤ ዶሃ ግን ችግር ላይ አልነበረችም፣ ግንባታው ጢም ብሎ ነበር። ለሚፈላ ኢኮኖሚ ርካሽ ብድር ሲጨመርበት የ2008 የዋጋ ንረት 15 በመቶ ደረሰ። ያኔ እዚህ የነበረ ሁሉ ኪራይ ያስታውሳል። ክፍላችንን ለሁለት የምንጋራ ለአራት ሆንን፣ ከናጅማ ወደ ሰናይያ ዳርቻ የሸሸ ብዙ ነው። ከዋሽንግተን የመጣ ወለድ እንዴት የእኔን አልጋ እንደሚያጣብበኝ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ያኔ ኩዌት ገመዱን መፍታቷን ብዙ ሰው እንደ ክህደት አየው፤ እኔ ግን ለሕዝቧ ስትል ያደረገችው ይመስለኛል።

5. የ2017ቱን ሰኔ አትርሳ፤ አንተ ያኔ ገና ተማሪ ነበርክ።

ሰኔ 5 ቀን 2017 ማለዳ ሳዑዲ፣ ኤምሬትስ፣ ባህሬንና ግብፅ ከኳታር ጋር ያላቸውን ግንኙነት አቋረጡ። ብቸኛው የየብስ መውጫ የአቡ ሳምራ በር ተዘጋ፣ የአየር ክልሉም ተዘጋ። በዚያ ምሽት ሱፐርማርኬት ውስጥ ነበርኩ። የወተትና የዶሮ መደርደሪያው ባዶ ሆኖ ሰው በጋሪ ሩዝ እየገፋ ይሯሯጥ ነበር። ወተቱ አብዛኛው የሳዑዲ ነበራ! ከጥቂት ቀናት በኋላ በቱርክኛ የተጻፈበት ወተት በአውሮፕላን መጥቶ ተደረደረ፤ ከዚያ ላሞቹ ራሳቸው በአውሮፕላን መጡ።

ለጥያቄህ የሚሆነው ግን የገንዘቡ ታሪክ ነው። በጎረቤት አገሮች ያሉ ምንዛሪ ቤቶች የኳታርን ሪያል አንቀበልም አሉ። ከአገር ውጭ ባለው ገበያ ሪያሉ ከ3.64 መንሸራተት ጀመረ። የኳታር ማዕከላዊ ባንክና የመንግሥቱ የኢንቨስትመንት ፈንድ ካከማቹት እያወጡ በአስር ቢሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ወደ ባንኮቹ አስገቡ። ዶሃ ውስጥ ግን ተመኑ ንቅንቅ አላለም፤ ደመወዛችን በሰዓቱ ገባ፣ ወደ አገር ቤት የምንልከውም አልተጓደለም። ነገሩ እስከ ጥር 2021፣ እስከ አል ዑላው ስምምነት ድረስ ዘለቀ።

አሁን ኸሊጂው በ2010 ታትሞ ቢሆን ብለህ አስብ። የኳታር ባንኮች ገንዘብ የሚበደሩበት ማዕከላዊ ባንክ ሪያድ ይሆን ነበር። ድንበሩን የዘጋው ጎረቤት የገንዘቡንም ቧንቧ በእጁ ይዞ ይገኝ ነበር። ያኔ ዶሃ የምትመርጠው ከሁለት አንዱን ነው፦ ወይ የተባለችውን ሁሉ መፈጸም፣ ወይ በከበባ መሃል አዲስ ገንዘብ ማተም። በ2009 አብራ የፈረመችው ኳታር እንጀራዋን ያዳነላት ያ ፊርማ ሳይፈጸም መቅረቱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ወንድም ወንድሙን እንዲህ ያደርጋል ብሎ በ2009 የገመተ አልነበረም። ደግ ቀን ላይ ሲፈራረሙ ክፉውን ቀን ማሰብ ነውር መስሎ ይታያል፤ ይህን ነውር የደፈረ አማካሪ ነው መንግሥት የሚያስፈልገው።

6. የእኛን ቁስል ደግሞ ከኔ ስማ፤ ከመጽሐፍ ብቻ እንዳትማረው።

እኛ የጋራ ገንዘብ ሞክረናል። ኤርትራ በ1991 ከተለየች፣ በ1993ም በሕዝበ ውሳኔ ነፃነቷን ካወጀች በኋላ ብርን እንደያዘች ቆየች። አሰብ ላይ ደመወዛችን ብር፣ ሻያችን ብር፣ መኪና ላይ የምንጭነው ዕቃ ሒሳቡ በብር። እኔና የወደቡ ጓደኞቼ ሁለት አገር መሆናችን ትዝ የሚለን ባንዲራው ሲሰቀል ብቻ ነበር።

ግን ብርን የሚመራው አዲስ አበባ ያለው ብሔራዊ ባንክ ነው። ምን ያህል ይታተም፣ ወለዱ ስንት ይሁን፣ ዶላሩ በስንት ይመንዘር የሚለው ሲወሰን አሥመራ አትቀመጥበትም። አንዱ ወገን ከሃምሳ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ፣ ሌላው ሦስት ሚሊዮን ገደማ። ትንሹ «ለምን አልጠየቅም» ይላል፤ ትልቁ «ገንዘቡ የኔ ነው» ይላል። ሁለቱም በየራሳቸው እውነት አላቸው፤ አስቸጋሪውም ይኸው ነው።

በኅዳር 1997 ኤርትራ ናቅፋን አወጣች፤ በትግሉ ዘመን ምሽጋቸው በነበረችው ከተማ ስም ነው የሰየሙት። ብራችን አንድ ለአንድ ተቀየረልን። አሥመራ ሁለቱ ገንዘቦች በእኩል ዋጋ በሁለቱም አገር እንዲሠሩ ትፈልግ ነበር። አዲስ አበባ አልተቀበለችም፤ ከ2,000 ብር በታች ካለው የጠረፍ ንግድ በቀር ንግዱ እንደ ማንኛውም የውጭ አገር በውጭ ምንዛሪና በባንክ ሌተር ኦፍ ክሬዲት (ኤል ሲ) ይሁን አለች። በዚያው ሰሞን ኢትዮጵያም የብር ኖቶቿን ለወጠች፤ 1989 ዓ.ም. የተጻፈባቸው ኖቶች እነዚያ ናቸው። ኤርትራ ውስጥ የተሰበሰበው አሮጌ ብር ዕዳ ነው ወይስ ወረቀት የሚለው አዲስ ጭቅጭቅ ሆነ።

እዚህ ላይ ልጄ፣ በትንሹ ሰው ላይ የወረደውን ተመልከት። የዛላንበሳ ነጋዴ በጆንያ ጤፍ ይዞ ማዶ ሲሻገር ኤል ሲ ክፈት ሲባል ኤል ሲው ምን እንደሆነ የሚያውቅ አይደለም። የአሰብ ጫኝና አውራጅ በናቅፋ ተከፍሎት ወሎ ላሉት ቤተሰቦቹ የሚልክበት መንገድ ጠፋው። ሁለቱ መንግሥታት የባንክ ባለሙያዎቻቸውን ሳይሆን ፖለቲከኞቻቸውን ነበር የሚያናግሩት። በግንቦት 1998 ባድመ ላይ ተኩስ ተከፈተ። ጦርነቱን ናቅፋ ብቻ አመጣው የሚለኝን አላምነውም፤ የድንበሩም የሥልጣኑም የቆየ ቂምም ነገር አለበት። ነገር ግን ከተኩሱ በፊት በነበሩት ስድስት ወራት መርዙን ያጠጣን የገንዘቡ ፍቺ እንደሆነ በዓይኔ አይቻለሁ። እኛ አሰብን ለቀን ወጣን፣ የመርከቡ ሥራም ወደ ጅቡቲ ዞረ። በሺዎች የሚቆጠሩ የሁለቱም አገር ልጆች ግን ከምሽግ አልተመለሱም።

በ2018 ሰላም ወርዶ በመስከረም ዛላንበሳ ስትከፈት ደስታውን በቴሌቪዥን አይተኸዋል። ነጋዴው በብርም በናቅፋም በገዛ ግምቱ እየመነዘረ ተገበያየ። የጉምሩክም የምንዛሪም ደንብ ሳይደነገግ ወራት አለፉና በሮቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። ያንኑ ስህተት ነው የደገምነው፤ ፍቅሩ ቀደመና ሒሳቡ ቀረ።

ሱዳንና ደቡብ ሱዳንም ይህንኑ አዩ። በሐምሌ 2011 ደቡቡ የራሱን ፓውንድ ሲያወጣ ካርቱም በዚያው ወር የራሷን አዲስ ኖት አወጣች፤ አሮጌው ፓውንድ በማን ትከሻ ይውደቅ የሚለው አጣላቸው። ገንዘብ ለመጋራት የሚዋዋሉ ሰዎች የመለያያውን አንቀጽ መጀመሪያ ይጻፉ የምለው ለዚህ ነው።

7. «ድሮ ሁላችንም በጠገራ ብር እንገበያይ ነበር» ለሚልህ ይህን መልስለት።

እውነቱን ነው፤ የማርያ ቴሬዛው ጠገራ ከባቲ ገበያ እስከ ምጽዋ፣ ባሕሩን ተሻግሮ እስከ የመንና እስከ ኦማን መሃል አገር ድረስ ይሄድ ነበር። ቪየና ላይ 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበት ገንዘብ ዓረብንና ሐበሻን አገበያየ። ግን ጠገራ ብር ነው፤ ብር ማዕድኑን ማለቴ ነው። ዋጋው በውስጡ አለ፣ የማንም መንግሥት ቃል አያስፈልገውም። የዛሬ ኖት የመንግሥት ቃል ነው። የአራት መንግሥታትን ቃል አንድ ላይ ለማሰር ከማዕድን ሚዛን የከበደ ነገር ይፈልጋል።

8. ከሩቁም ጥቂት ተማር፣ ግን አትዘግይበት።

በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ የሴኤፋ ፍራንክ የያዙ አገሮች በጥር 1994 ዳካር ላይ በአንድ ሌሊት የገንዘባቸው ዋጋ በፈረንሳይ ፍራንክ በግማሽ ሲቀነስ አዩ። ግሪክ በዩሮ ውስጥ ሆና በ2015 ክረምት ባንኮቿ ተዘግተው ሰዉ ከማሽን በቀን 60 ዩሮ ብቻ ያወጣ ነበር። የራሷ ድራክማ ቢኖራት ዋጋውን አርክሳ ቱሪስቱንና ላኪውን ትስብ ነበር፤ አልቻለችም፤ ደመወዝና ጡረታ ቆረጠች። ዩሮ ጥቅም የለውም እያልኩህ አይደለም። የዩሮ አገሮች ግን በክፉ ቀን የሚበዳደሩበትን ፈንድና የጋራ የባንክ ተቆጣጣሪውን ያቆሙት ካደማቸው በኋላ ነው፤ ያውም ሀብታሞች ሆነው። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አገሮች በ2013 ካምፓላ ላይ የፈረሙትን የ2024 ቀጠሮ ወደ 2031 ሲገፉት ብዙዎች ሰነፉ ብለው ሳቁባቸው። እኔ አስተዋሉ ብዬ አመሰገንኳቸው።

9. ታዲያ ምን ይደረግ ስትለኝ፦

ጎረቤት አገሮች የሚያስፈልጋቸው የጋራ ኖት አይደለም፣ ገንዘብ በቀላሉ የሚሻገርበት መንገድ ነው። የባህረ ሰላጤው ሰዎች ኸሊጂውን ባያወጡም ይህን ሠርተዋል። የአንዱ አገር ካርድ በሌላው አገር ማሽን ገንዘብ ያወጣል። ማዕከላዊ ባንኮቻቸው በጋራ ያቋቋሙት «አፋቅ» የሚባል ሥርዓት በየገንዘባቸው ከባንክ ባንክ ያስተላልፋል። በንጉሥ ፋህድ ድልድይ ወደ ባህሬን ብትሻገር ባለ ሱቁ የሳዑዲውን ሪያል ዓይኑን ሳያሽ ይቀበልሃል፣ አሥሩን ሪያል በአንድ ዲናር። ማንም ሉዓላዊነቱን አልሰጠም፣ ማንም በማንም ላይ አልወሰነም። የአንዱ መንገድ ቢዘጋ የሌላው ካዝና አይዘጋም።

እኛም ከዚህ እንጀምር ነው የምለው። የሞያሌ ነጋዴ ከኬንያ ሽልንግ ወደ ብር፣ የደወሌ ነጋዴ ከጅቡቲ ፍራንክ ወደ ብር በባንክ መስኮት በታወቀ ተመን ይመንዝር። ብሔራዊ ባንኮቹ በየወሩ ሒሳባቸውን አቻችለው ልዩነቱን ብቻ በዶላር ይክፈሉ። የጠረፍ ንግዱ ጣሪያ የጆንያን ነጋዴ የሚያስተናግድ ይሁን። አለመግባባት ሲመጣ የት እንደሚዳኝ አስቀድሞ ይጻፍ። ይህ በበዓል የሚመረቅ፣ ባንዲራ የሚውለበለብለት ነገር አይደለም፤ መሪዎች የማይወዱትም ለዚያ ይመስለኛል። እኔ ግን ይህ ተፈጽሞ አሥር ዓመት ያለ ጭቅጭቅ ሲሠራ ባይ፣ ስለ አንድ ገንዘብ የሚነሳውን ሐሳብ ቆሜ አዳምጣለሁ። ከዚያ በፊት ያለው፣ አባቶች እንደሚሉት፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ጅቡቲንም አስብ። ፍራንኳ ከ1973 ጀምሮ በዶላር 177.721 ላይ ቆማለች። ብራችን በሐምሌ 2024 በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲለቀቅ ጅቡቲ በብር የምትገበያይ ቢሆን ኖሮ፣ ለእኛ ችግር ተብሎ የተወሰነው ውሳኔ የጅቡቲ ከተማዋን የባልባላ ሰፈር እናት የዳቦ ዋጋ በአንድ ወር ያናጋው ነበር። በ1966 ህንድ ዶሃ ላይ ያደረገችውን እኛ በጎረቤታችን ላይ እናደርገው ነበር ማለት ነው። ወዳጅህን በዚህ መንገድ ልትጎዳው ትፈልጋለህ?

10. አሁን ወደ ደመወዝህ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲወሰን አንድ ሺህ ሪያልህ በባንክ ከ16 ሺህ ብር በታች ነበር፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ከ27 ሺህ በላይ ሆነ። ደስ ብሎህ ደወልክልኝ። አንድ ሺህ ሪያል ግን ከዚያ በፊትም በኋላም 275 ዶላር ገደማ ነበር፤ ያው ነው። የተናወጠው እናትህ ደሴ ላይ የምትይዘው ብር ነው። እናትህ የምትገዛው ዘይትም፣ የምትከፍለው ትራንስፖርትም ይከተለዋል። ስለዚህ የምትልክላትን የቤት ወጪ በሪያል ሳይሆን በምትገዛው ዕቃ ቁጠር። በየሦስት ወሩ ዝርዝሩን ጠይቃት፤ ምን ያህል እንደሚበቃት እሷ ታውቀዋለች።

ለቤት መሥሪያ የምታጠራቅመውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ብር አትለውጥ፤ እዚህ በስምህ በባንክ ይቀመጥ፣ ሥራው በደረሰ ቁጥር ላክ። የጥቁር ገበያ ሃዋላ በሁለትና በሦስት ብር ብልጫ ሲያጓጓህ፣ ያ ሰው ቢጠፋ ደረሰኝ የለህም፣ የምትከስበትም ቦታ የለህም። ባንክና ጥቁር ገበያ የተቀራረቡበትን ጊዜ ተጠቀምበት። ከኤክስቼንጁ ስትወጣ ሦስት ነገር ከደረሰኙ ላይ አንብብ፦ የተመነዘረበት ተመን፣ የተቆረጠው የአገልግሎት ክፍያ፣ እናትህ እጅ የሚገባው የብር መጠን። ሁለት ኤክስቼንጅ ስታወዳድር ሦስተኛውን ብቻ አወዳድር፤ የመጀመሪያው ጥሩ መስሎ ክፍያው ይበላዋልና። ደረሰኞቹንም አትጣል፣ በወር በወር ለይተህ አስቀምጣቸው።